አፕት፣ ስናፕ፣ ፍላትፓክ ወይስ አፕኢሜጅ? ኡቡንቱ ላይ ሶፍትዌር ከየት እንጫን

ኡቡንቱ 24.04 ላይ የፎቶ ማስተካከያውን ጊምፕ ከኡቡንቱ ጋር በሚመጣው የመጫኛ መሣሪያ፣ በአፕት፣ ብትጭኑ የሚመጣላችሁ 2.10 ነው። ያንኑ ጊምፕ ፍላትሃብ ከሚባለው መደብር በፍላትፓክ ብታወርዱት 3ኛው ትውልድ ይመጣል። ስናፕም የራሱ ቅጂ አለው። የጊምፕ ድረ ገጽ ደግሞ አፕኢሜጅ ያቀርባል። አንድ ፕሮግራም፣ አራት መንገድ። ሊኑክስን አዲስ የጀመረ ሰው እዚህ ላይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

እኔ ማንኛውንም ፕሮግራም ከመጫኔ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ይህን ነገር ነገ ማን ያዘምንልኛል? ስሪቱ አዲስ መሆኑ፣ ፍጥነቱ፣ የሚይዘው ቦታ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይታያል። ማንም የማያዘምነው ፕሮግራም፣ በተለይ ኢንተርኔት የሚነካ ከሆነ፣ ቀስ በቀስ የኮምፒውተሩ ክፍት በር ይሆናል። አራቱንም መንገዶች በዚሁ ጥያቄ እንያቸው። ምሳሌዎቼ ከኡቡንቱ ናቸው። የኡቡንቱ ዘመዶች የሆኑትን ዴቢያንና ሊኑክስ ሚንት ለምትጠቀሙም አብዛኛው ይሠራል።

አፕት፦ መነሻው

ኡቡንቱ የተሠራበት ዴቢያን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ፓኬጆችን፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጁ የፕሮግራም ፋይሎችን፣ የሚጭነው ዲፒኬጂ በቀጣዩ ዓመት መጣ። አፕት ደግሞ በ1998 ተጨመረ። የሁለቱ የሥራ ድርሻ ይለያያል። ዲፒኬጂ የሰጣችሁትን ፋይል ይጭናል፣ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ከጎደለ ግን ስህተት ነግሯችሁ ይቆማል። አፕት የጎደለውን ራሱ ፈልጎ አውርዶ፣ ፊርማውን አረጋግጦ በቅደም ተከተል ያስገባል። ስለዚህ ከአንድ ድርጅት ድረ ገጽ ያወረዳችሁት የዴብ ፋይል (የዴቢያን ፓኬጅ) ካለ በዲፒኬጂ ከመታገል «አፕት ኢንስቶል» ብላችሁ የፋይሉን አድራሻ ስጡት። አድራሻው በነጥብና በመስመር ከጀመረ አፕት ፋይል መሆኑን ይረዳል።

የአፕት ትልቁ ጥንካሬ ፕሮግራሞች ላይብረሪዎችን፣ ማለትም የጋራ የኮድ ክፍሎችን፣ መጋራታቸው ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለው ክፍተት ሲገኝ፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ የዚያን አንድ ላይብረሪ ፓኬጅ አስተካክለው አወጡ። ያንን ያዘመነና አገልግሎቶቹን እንደገና ያስነሳ ሰው፣ ላይብረሪውን ከሲስተሙ የሚወስዱ ፕሮግራሞቹ ሁሉ አብረው ተስተካከሉለት። የራሱን ቅጂ በሆዱ ይዞ የሚዞር ፕሮግራም ግን የራሱ አዘጋጅ እስኪያስተካክለው ይጠብቃል። አዘጋጁ ከተኛ ክፍተቱም እዚያው ይቀመጣል።

ሁለተኛው ጥንካሬ ብዙ ሰው እንደ ድክመት የሚቆጥረው ነው፤ ስሪቱ ይቆማል። አንድ የኡቡንቱ ወይም የዴቢያን ስሪት ከወጣ በኋላ በውስጡ ያሉ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የደኅንነት ጥገና ብቻ ነው የሚያገኙት። መጋቢት 2024 ላይ ኤክስዜድ በተባለው የመጭመቂያ መሣሪያ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶቹ ውስጥ፣ ሆን ተብሎ የተቀበረ ሚስጥራዊ መግቢያ ተገኘ። ዴቢያን ውስጥ የሙከራ ቅርንጫፎቹ ጋ ደርሶ ነበር። የተረጋጋው ስሪት ጋ ግን አልገባም፣ ምክንያቱም አሮጌውን ኤክስዜድ ነበር የሚጠቀመው። አዲስ ስሪት ሁሉ የተሻለ ነው ለሚል ሰው ይህንን ማስታወስ እወዳለሁ።

ኡቡንቱ ላይ ግን ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። የኡቡንቱ ሠሪ ካኖኒካል እንደ 24.04 ላሉ የረጅም ጊዜ ስሪቶች የ5 ዓመት የደኅንነት ጥገና ቃል የገባው «ሜይን» ለሚባለው ክፍል ነው። «ዩኒቨርስ» ውስጥ ያሉት፣ ለምሳሌ የቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ፣ በዚያ ቃል ውስጥ አይደሉም። የእነሱ ጥገና በተሟላ ሁኔታ የሚመጣው በኡቡንቱ ፕሮ በኩል ነው። ኡቡንቱ ፕሮ ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ኮምፒውተር ድረስ ነፃ ነው። አካውንት ከፍታችሁ አገናኙት። «ማን ያዘምንልኛል» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግማሽ እንዳይሆን ይህ ያስፈልጋል።

አፕት ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የሚነግራችሁን አንብቡ። በ2021 ሊነስ ሴባስቲያን የተባለው ታዋቂ ዩቲዩበር ፖፕ ኦኤስ በተባለው የኡቡንቱ ዝርያ ላይ የጨዋታ መደብሩን ስቲምን ለመጫን ሲሞክር፣ በወቅቱ በነበረ የፓኬጅ ስህተት አፕት ዴስክቶፑን በሙሉ ሊያጠፋ መሆኑን አስጠነቀቀው። ማረጋገጫውን ጽፎ ቀጠለ፣ ዴስክቶፑም ጠፋ። አፕት ከመሥራቱ በፊት የሚጫኑትንና የሚወገዱትን ይዘረዝራል። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ልትጭኑ ብላችሁ «የሚወገዱ» በሚለው ስር ረጅም ዝርዝር ካያችሁ እሺ አትበሉ።

ከውጭ የሚጨመሩ ሪፖዚቶሪዎችስ፣ ማለትም አፕት ፓኬጅ የሚያወርድባቸው ሌሎች ምንጮችስ? ማንም ሊከፍታቸው የሚችሉት ፒፒኤ የሚባሉትም ሆኑ የድርጅቶች የራሳቸው ሪፖዚቶሪዎች በጥንቃቄ ይታዩ። የዴብ ፓኬጅ ሲጫን ውስጡ ያለው ስክሪፕት በሙሉ ሥልጣን ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሪፖዚቶሪ ስትጨምሩ ለባለቤቱ የኮምፒውተራችሁን ቁልፍ እየሰጣችሁት ነው። ሞዚላ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ለፋየርፎክስ የራሱን የአፕት ሪፖዚቶሪ ያቀርባል። እንዲህ ያለው፣ ባለቤቱ የሚታወቅና የፕሮግራሙ ሠሪ ራሱ የሆነ፣ ችግር የለውም። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ከፍቶ የተወውን ፒፒኤ ግን ለአንድ ፕሮግራም ብላችሁ አታስገቡ።

ከአፕት፣ ከአፕት ጌትና ከአፕቲትዩድ ትእዛዞች የትኛው ይሻላል ስለሚለው ክርክር ብዙ አልልም። ተርሚናል ላይ በእጃችሁ ስትሠሩ አፕት ይበቃል። ስክሪፕት ስትጽፉ አፕት ጌትን ተጠቀሙ፣ የሚያወጣው ጽሑፍ ከስሪት ስሪት ስለማይቀያየር። አፕቲትዩድ የተወሳሰበ የፓኬጅ ግጭት ሲያጋጥም ብዙ መፍትሔ እየደረደረ ስለሚያስመርጥ አንዳንዴ ይጠቅማል።

ስናፕ፦ የካኖኒካል መንገድ

ስናፕ ከኡቡንቱ 16.04 ጋር በ2016 ነው በሰፊው የመጣው። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ የታመቀ ፋይል ይዞ ይመጣል፣ ከቀረው ሲስተምም በአጥር ይለያል። ኡቡንቱ ላይ ሳታውቁትም እየተጠቀማችሁበት ይሆናል። ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ ከኡቡንቱ በስናፕ ብቻ ነው የሚመጣው። «አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ብትሉም የሚጫነው ስናፑ ነው። ይህ ብዙ ተጠቃሚዎችን አስቆጥቷል፣ እኔም እዚህ ላይ ከእነሱ ጋር ነኝ። አፕት ብሎ ያዘዘ ሰው የአፕት ፓኬጅ ማግኘት አለበት። ሊኑክስ ሚንት በ2020 በወጣው 20ኛ ስሪቱ ስናፕን በነባሪነት ያገደው ያንኑ ነገር በክሮሚየም ብራውዘር ላይ በማየቱ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄያችን ግን ስናፕ ጠንካራ መልስ አለው። በቀን 4 ጊዜ አዲስ ስሪት መኖሩን አይቶ ራሱ ያዘምናል። የተበላሸ ስሪት ከመጣ «ስናፕ ሪቨርት» በሚለው ትእዛዝ ወደ ቀድሞው ትመለሳላችሁ። 24.04 ላይ ያለው አፕት እንዲህ ያለ ቀላል መመለሻ የለውም። ስናፕ ለሰርቨርም ይሆናል፣ ፍላትፓክ ግን በዋናነት የዴስክቶፕ ነው። ለድረ ገጽ የምስጠራ ሰርተፊኬት የሚያወጣው ሰርትቦት በሠሪዎቹ የሚመከረው በስናፕ እንዲጫን ነው። ሰርቨር ላይ የፋይል ማከማቻውን ኔክስትክላውድን በፍጥነት ማቆም ለሚፈልግም ስናፑ ብዙ ልፋት ይቀንሳል።

ድክመቱም አለ። መደብሩ አንድ ብቻ ነው፣ የሚያስተዳድረውም ካኖኒካል ነው፣ የሰርቨሩ ኮድም ክፍት አይደለም። ፕሮግራሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈቱ ይዘገያሉ፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ባለው ላፕቶፕ ላይ ይህ በግልጽ ይታወቃል። መደብሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የተመረመረ እንዳይመስላችሁ። በ2018 ክሪፕቶ በድብቅ የሚያመርት ፕሮግራም ተገኝቶበታል። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የታወቀ የክሪፕቶ ዋሌት መስሎ የገባ የሐሰት ስናፕ የአንድ ተጠቃሚን 9 ቢትኮይን ወስዷል። የአሳታሚው ስም አጠገብ የማረጋገጫ ምልክት መኖሩን ሳታዩ አትጫኑ። ገንዘብ የሚነካ ነገር ከሆነ ደግሞ ከሠሪው ድረ ገጽ ተነስታችሁ ሂዱ።

ስቲም ለሚጫወቱ አንድ ቃል፦ ስናፑን ተዉት። የስቲም ሠሪ የሆነው የቫልቭ ሠራተኛ ራሱ በ2024 ተጠቃሚዎች በስናፑ ምክንያት ብዙ ችግር እያመጡ መሆኑን ተናግሮ የቫልቭን የዴብ ፓኬጅ መክሯል።

ፍላትፓክ፦ ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች

አፕት ያለው ስሪት ለሥራዬ አርጅቷል ስትሉ ቀጥሎ የምልካችሁ ወደ ፍላትፓክ ነው። የጊምፕ ምሳሌ ይህን ያሳያል። ሲስተማችሁ በተረጋጋው ስሪት ይቆያል፣ የምትፈልጉት አንድ ፕሮግራም ግን አዲስ ይሆናል። ፍላትፓክ ኡቡንቱ ላይ አስቀድሞ ተጭኖ አይመጣም። መጀመሪያ ፍላትፓክን በአፕት ትጭናላችሁ፣ ከዚያ ፍላትሃብን ትጨምራላችሁ። ሚንት ላይ ሁለቱም ዝግጁ ናቸው።

አሠራሩ በስናፕና በአፕት መካከል ነው። ፕሮግራሞቹ ከሲስተሙ ላይብረሪ ይልቅ «ራንታይም» የሚባል የጋራ መሠረት ይጠቀማሉ። ኖምና ኬዲኢ የተባሉት የዴስክቶፕ ዓይነቶች፣ እንዲሁም ፍሪዴስክቶፕ የተባለው ፕሮጀክት፣ የየራሳቸው ራንታይም አላቸው። የመጀመሪያውን የኖም ፕሮግራም ስትጭኑ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይወርዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ያንኑ ራንታይም ከተጠቀሙ ግን ትንሽ ብቻ ነው የሚጨምሩት። አንድ ፕሮግራም ብቻ ለመጫን ፍላትፓክን ማስገባት ውድ ነው። አምስትና ስድስት ከሆነ ሒሳቡ ይቀየራል። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ወጪ አለባችሁ፤ ድራይቨሩ በተዘመነ ቁጥር ፍላትፓክም የራሱን የድራይቨር ቅጂ እንደገና ያወርዳል።

አጥሩን በተመለከተ ተስፋችሁን በልክ አድርጉት። ብዙ ፕሮግራሞች መላውን የሆም ፎልደር፣ ማለትም የግል ፋይሎቻችሁን፣ የማየት ፈቃድ ይዘው ነው የሚመጡት። ፍላትሃብ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚጠይቀው ፈቃድ ተጽፏል። ፍላትሲል የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ፈቃዱን በመዳፊት እንድትቆርጡ ያስችላችኋል። የጥቃት ምልክት ሳይኖርም የቪዲዮ ማጫወቻ ኢንተርኔት ለምን ያስፈልገዋል ብሎ መከልከል ጥሩ ልማድ ነው።

ፍላትሃብ ላይ ያለው ፕሮግራም ሁሉ በሠሪው የተዘጋጀ አይደለም። በጎ ፈቃደኞች ያዘጋጁት ብዙ ነው፣ አብዛኛውም ጥሩ ሥራ ነው። ሆኖም የተረጋገጠ የሚለው ምልክት ካለ ሠሪው ራሱ ኃላፊነት ወስዷል ማለት ነው። ሚንት ከ22ኛ ስሪቱ ጀምሮ ያልተረጋገጡትን በነባሪነት ይደብቃል።

አፕኢሜጅ፦ አንድ ፋይል፣ አንድ ፕሮግራም

አፕኢሜጅ አይጫንም። ፋይሉን ታወርዳላችሁ፣ የማስኬድ ፈቃድ ትሰጡታላችሁ፣ ሁለቴ ትጫኑታላችሁ። በፍላሽ ለጓደኛ መስጠት ይቻላል። ከ22.04 ወዲህ ባሉ ኡቡንቱዎች ላይ ብዙዎቹ አልከፈት የሚሉት ሊብፊውዝ2 የተባለው ላይብረሪ አብሮ ስለማይመጣ ነው፤ በአፕት ስትጨምሩት ይነሳሉ። 24.04 ላይ የፓኬጁ ስም መጨረሻ «ቲ64» ተጨምሮበታል።

ለዋናው ጥያቄ ግን መልሱ ደካማ ነው። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ያዘምናሉ፣ ብዙዎቹ አያዘምኑም። ስለዚህ አፕኢሜጅን የምመክረው አንድን ስሪት ለመሞከር፣ ወይም ኢንተርኔት የማይነካ መሣሪያ በፍላሽ ለመያዝ ነው። ብራውዘርና የኢሜይል ፕሮግራም በአፕኢሜጅ አትያዙ።

ዳታ ለሚቆጥር ሰው

ብዙዎቻችን ላፕቶፓችንን ከስልክ ሆትስፖት ጋር እያገናኘን ነው የምንሠራው። ፓኬጁ የተገዛው በሜጋባይት ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል በሰፊው ልሂድበት።

መጀመሪያ ስናፕን አስተካክሉ። ካልነገራችሁት በስልክ ዳታ ላይም ያዘምናል። የስልካችሁን ሆትስፖት በኔትወርክ ቅንብሩ ውስጥ «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠርበት) አድርጉት። ከዚያ «ስናፕ ሴት ሲስተም» በሚለው ትእዛዝ «ሪፍሬሽ ነጥብ ሚተርድ» የሚለውን «ሆልድ» አድርጉት። ከዚያ ወዲያ በዚያ ግንኙነት ላይ ራሱ አያዘምንም። ጨርሶ ማቆም ከፈለጋችሁ «ስናፕ ሪፍሬሽ» ላይ «ሆልድ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። ዋይፋይ ባገኛችሁ ቀን ግን በእጃችሁ ማዘመን አለባችሁ፣ አለበለዚያ ስናፕ ያለው ትልቁ ጥቅም ይቀርባችኋል።

አፕት ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ። አፕት ያወረደውን የዴብ ፋይል ከጫነ በኋላ ይሰርዘዋል። አፕት ጌት ግን በካሹ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማከማቻው፣ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ያንኑ ነገር ለሌላ ላፕቶፕ መስጠት ካሰባችሁ በአፕት ጌት ጫኑ፣ ፋይሎቹን ከካሹ ገልብጡ፣ ወደ ሌላው ውሰዱ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት የኡቡንቱ ስሪት መሆን አለባቸው።

ጭራሽ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር አፕት ኦፍላይን የሚባል መሣሪያ አለ። በደንብ አለመታወቁ ያሳዝነኛል። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ላይ የሚፈልጋቸውን ነገሮች ዝርዝር የያዘ ትንሽ ፋይል ታወጣላችሁ። ያንን በፍላሽ ኢንተርኔት ወዳለበት ኮምፒውተር ወስዳችሁ ታወርዳላችሁ፤ ይህኛው ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ መሆን የለበትም። የወረደውን መልሳችሁ ወስዳችሁ ትጭናላችሁ። ፊርማው ይጣራል፣ ተጓዳኝ ፓኬጆቹም ተሟልተው ይመጣሉ። መሣሪያው ራሱ ግን ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይም መኖር ስላለበት ፓኬጁን አስቀድማችሁ ያዙ።

ብዙ ኡቡንቱ ያለበት የትምህርት ቤት ላብ ወይም ቢሮ የምታስተዳድሩ ከሆነ ደግሞ አፕት ካቸር ኤንጂ የሚባለውን መሣሪያ አንድ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ያወረደውን ይይዝና ለቀሩት ከዚያው ይሰጣል። ሃያ ኮምፒውተር አንድን ማሻሻያ ሃያ ጊዜ ከውጭ አያወርድም። በዚህ ሁኔታ አፕትን የሚወዳደር የለም፣ የላቡንም ፕሮግራሞች በተቻለ መጠን በአፕት ብቻ አድርጉ።

ፍላትፓክም «ክሪኤት ዩኤስቢ» የሚል ትእዛዝ አለው፣ ፕሮግራሙን ከነራንታይሙ ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። ስናፕ ደግሞ «ስናፕ ዳውንሎድ» ሲባል ፋይሉንና ማረጋገጫውን ለየብቻ ያወርዳል። ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው

ፊደልና መጻፊያ የሲስተሙ አካል ስለሆኑ ከአፕት ብቻ ይምጡ። አቢሲኒካ ፎንት በኤስአይኤል ስም ባለው ፓኬጅ ውስጥ አለ። የአማርኛ መጻፊያውን አይባስ ኤም17ኤን ይሰጣችኋል። በአፕት የተጫነ ፕሮግራም እነዚህን ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ያገኛቸዋል። በስናፕና በፍላትፓክ ከአጥሩ ጀርባ ያሉ ፕሮግራሞች ላይ ግን መጻፊያው አልፎ አልፎ አልነቃ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሊብሬኦፊስን እኔ በአፕት ነው የምመክረው። አዲሱን በሌላ መንገድ ከጫናችሁ አሮጌውን ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ አንቀጽ በአማርኛ ጻፉበት።

እንግዲህ የትኛው?

የሲስተሙ አካል የሆነ ሁሉ፣ ድራይቨር፣ ፎንት፣ የተርሚናል መሣሪያ፣ ዳታቤዝ፣ ሰርቨር፦ አፕት። ለዴስክቶፕ ፕሮግራምም መጀመሪያ አፕት ያለውን ስሪት እዩ፤ ከበቃችሁ እዚያው ቁሙ። ካልበቃችሁ ፍላትሃብ ላይ የተረጋገጠውን ፈልጉ። ሠሪው ራሱ በስናፕ የሚያወጣውንና እንዲህ ጫኑ የሚለውን፣ ለምሳሌ ሰርትቦትን፣ በስናፕ ውሰዱ። ፋየርፎክስ ላይ የስናፑ ፍጥነት ካላስቸገራችሁ ተዉት፣ የሚያዘጋጀው ሞዚላ ነውና ደኅንነቱ አያሰጋም። ካስቸገራችሁ የሞዚላን የአፕት ሪፖዚቶሪ አስገቡ።

ፓይተን የምትማሩ ተማሪዎች ሌላ ነገር ያጋጥማችኋል። ከዴቢያን 12 እና ከኡቡንቱ 23.04 ወዲህ የፓይተን ፓኬጆችን የሚጭነው ፒፕ ሲስተሙ ላይ በቀጥታ አልጭንም ይላል። ኢንተርኔት ላይ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ የሚል ምክር ሞልቷል። አትስሙት። የኡቡንቱ ብዙ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ ፓይተን ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት በቬንቭ የራሱን አካባቢ ክፈቱለት። የተርሚናል ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ፒፕኤክስ ይበቃል።

ኮምፒውተራችሁ አሁንም የተደባለቀ ከሆነ «ስናፕ ሊስት» እና «ፍላትፓክ ሊስት» ብላችሁ በአፕት ካላችሁ ጋር አስተያዩ። ሁለት ቦታ የተጫነ ፕሮግራም ካለ አንዱን ምረጡ። ሌላውን ከማጥፋታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ፦ ሁለቱ ቅጂዎች ቅንብራቸውን የሚያስቀምጡት በተለያየ ቦታ ነው። የብራውዘር ቡክማርክና የይለፍ ቃል መጀመሪያ ወደ ውጭ አውጡ። ፍላትፓክ ላይ «አንኢንስቶል» ከ«አንዩዝድ» ጋር ሲታዘዝ ማንም የማይጠቀምበትን ራንታይም ያጸዳል፣ ብዙ ቦታም ይለቃል። ስናፕ ደግሞ «ፐርጅ» የሚለውን አማራጭ ካልጨመራችሁ የጠፋውን ፕሮግራም መረጃ ለ31 ቀን ያቆያል። የረሳችሁት ነገር ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ «ስናፕ ሴቭድ» ብላችሁ ፈልጉት፣ «ስናፕ ሪስቶር» ብላችሁ መልሱት።